ፊቱን ለውሃ የሰጠ ሰው

ሰሞኑን ሻንጣ ስፈታ የድሮ የባህር ጥበቃ ኮፍያዬን አገኘኋት። አገጭ ስር የምትታሰር የጨርቅ ኮፍያ ናት፣ ቀይና ቢጫ ጨርቅ በአራት ተከፍሎ የተሰፋባት፣ የባህር ጨው ጠጥታ እንደ ቆዳ ደርቃለች። እናቴ አይታት «አሁን ይቺ ምን ትሰራልሻለች» አለችኝና ለምን እንደማልጥላት ልነግራት ስጀምር ቡናው በረካ ላይ ደረሰ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ረጅም ነው፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ያደግኩት እዚሁ ጎንደር ነው። ባህር የሚባለውን ያየሁት 26 አመቴ ላይ ነው፣ ጣናን ካልቆጠርነው ማለት ነው፣ ጣናንም ቢሆን ጎርጎራ የዘመድ ሰርግ ሄደን ከዳር ቆሜ ነው ያየሁት። ልጅ ሆነን ወንዶቹ ወንዝ ወርደው ይዋኛሉ እኛ ሴቶቹ ልብስ እናጥባለን፣ በቃ እንደዛ ነበር፣ ለሴት ልጅ ዋና ላስተምር ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

12 አመቴ ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ የአክስቴን ልጅ ውሃ ወሰደው። መገጭ ወንዝ ላይ ነው። አክስቴ፣ እኔና አንዲት ጎረቤት ልብስና ሶስት ጀሪካን ተሸክመን ወርደን እሱም ተከትሎን መጣ፣ 14 አመቱ ነበር። እኛ ያለንበት ጠራራ ፀሃይ ነው፣ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ነው፣ እኛ አላወቅንም። ውሃው መጀመሪያ ቀለሙን ቀየረ፣ ከዛ ጭራሮና ቅጠል ይዞ መምጣት ጀመረ፣ ከዛ ድምፁ መጣ። ደራሽ ነበር። እሱ መሃል ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ነበረ፣ ወደ ዳር ልምጣ ሲል እግሩ ከዳው፣ ዝቅ ብሎ ሌላ ድንጋይ አቅፎ ትንሽ ቆየ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እስከዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። እኛ እንጮሃለን፣ ሰው ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ተሰበሰበ፣ እሱም ይጮሃል፣ አንድ ጎረምሳ ዘሎ ገባና እሱም ሊሄድ ሲል በሰው እጅ ተጎትቶ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ግን ሄደ። ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ ያ ቦታ ጋኔን አለበት፣ በየአመቱ ሰው ይበላል ይል ነበር። እኔም ለብዙ አመት አመንኩ።

በ2006 ለትምህርት ሲድኒ ሄድኩ። አብራኝ የምትሰራ ልጅ «ቅዳሜ ከኛ ጋር ነይ» ብላኝ ባህር ዳር ያለ ክለባቸው ይዛኝ ሄደች። አውስትራሊያ ውስጥ ባህር ላይ ሰው ከመስጠም የሚጠብቁ የበጎ ፈቃድ ክለቦች አሉ፣ ከ300 በላይ ናቸው፣ አባሎቹ ደሞዝ አይከፈላቸውም፣ እንደውም አመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። አናጢው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የ15 አመት ተማሪው፣ ሁሉም ሮስተር (የተራ ዝርዝር) ላይ ስሙ አለ፣ ተራው ሲደርስ ቅዳሜ ወይ እሁድ መጥቶ ይቆማል። ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ሳልችል ቆይቼ በመጨረሻ «እድር በይው» አልኳት፣ ወዲያው ገባት። መዋጮ አለ፣ ተራ አለ፣ የቀረ ይጠየቃል። ልዩነቱ እድራችን ድንኳን የሚተክለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ እነዚህ ቀድመው ነው የሚተክሉት።

ነገሩ አሮጌ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ (በ19 የሚጀምሩት አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሰው በቀን ባህር ውስጥ መታጠብ ተከልክሎ ኖሮ ክልከላው ሲላላ ሕዝቡ ዋና ሳይችል ገብቶ ይሰጥም ጀመር፣ ያኔ ነው የሰፈር ሰዎች ተሰባስበው ክለብ ያቋቋሙት። የሲድኒዎቹ ክለቦች በ1907 አንድ ማህበር ሆኑ። ቦንዳይ የሚባለው ታዋቂ ባህር ዳርቻ ላይ ፌብሩዋሪ 6፣ 1938 ላይ ሶስት ትልልቅ ማዕበል ተከታትሎ መጥቶ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከአሸዋው ጠርጎ ወሰደ፣ ያን ቀን ግን የክለቡ ልጆች ለውድድር ተሰብስበው ብዙ ሆነው እዛው ነበሩ፣ ሁሉም እየሮጡ ገቡ። 5 ሰው ሞተ። ለአዲስ አባል ይሄን ታሪክ ሲነግሩ አምስቱን እንጂ የዳኑትን አያስቀድሙም፣ ይሄ ነገራቸው ልቤን ነካኝ።

አሁን አመቱን ልንገራችሁ። የነሱ የጥበቃ ወቅት የኛ ካላንደር ላይ ከእንቁጣጣሽ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚጀምረው። መስከረም ውስጥ ባንዲራ ይተከላል፣ ሚያዝያ ውስጥ ይወርዳል። ሲጀመር ሁሉም፣ 30 አመት ያገለገለውም ሳይቀር፣ እንደ አዲስ ይፈተናል፣ ካላለፈ አይቆምም። አዲስ አባል ደግሞ ብሮንዝ ሜዳሊያን የሚባለውን የነፍስ አድን ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፣ የዛ የመጀመሪያው በር 400 ሜትር በ9 ደቂቃ ውስጥ መዋኘት ነው። እኔ ያኔ መንሳፈፍ እንኳን አልችልም። አንድ አመት ሙሉ ፑል ተመላለስኩ፣ ከህፃናት ጋር አንድ ላይ ነው የተማርኩት፣ መጀመሪያ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት የአክስቴ ልጅ ይመጣብኝና ዘልዬ እወጣለሁ። አሰልጣኜ ስልሳዎቹን ያለፈች ሴትዮ ነበረች፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እሷ ወጣት እያለች ክለቡ ሴት እንደማይቀበል ነገረችኝ፣ ሴቶች ሳንድዊች ይሰራሉ ገንዘብ ያሰባስባሉ እንጂ ከወንዶቹ እኩል ባህሩ ላይ መቆም የተፈቀደላቸው በ1980 ነው። «ከወንዶቹ ሁሉ በላይ እዋኝ ነበር፣ ሳንድዊች ነበር የምሰራው» አለችኝ። ከዛ ቀን በኋላ ለማቆም አፈርኩ። የመጀመሪያ ፈተናዬ 12 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሁለተኛው 9 ከ40፣ ሶስተኛው 8 ከ51። ስወጣ አቀፈችኝ፣ ሁለታችንም ርጥብ ነን፣ አለቀስኩ።

ከዛ ባህሩ ላይ 200 ሜትር ሩጫ፣ 200 ዋና፣ እንደገና 200 ሩጫ በ8 ደቂቃ፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ምልክት፣ ሲፒአር (ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት)፣ አንገቱ የተጎዳ ሰው አያያዝ። ይሄን ሁሉ አልዘረዝርም።

ፓትሮል ላይ፣ ማለትም ጥበቃ ተራህ ላይ፣ ስትመጣ የመጀመሪያው ስራ ባህሩን ማንበብ ነው። ካፒቴኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል፣ አስር ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ከዛ ነው ቀይና ቢጫዎቹ ሁለት ባንዲራዎች የሚተከሉት፣ ሰው በነሱ መሃል ብቻ ይዋኝ ማለት ነው። (እናቴ ፎቶውን አይታ «አረንጓዴውስ?» አለችኝ።) ባህሩ ሲቀየር ባንዲራውም ይነሳና ቦታ ይቀይራል።

የሚፈሩት ማዕበሉን አይደለም። ሪፕ የሚባል አለ፣ ማዕበሉ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል አይደል፣ ጠለቅ ያለ መስመር ያገኝና በዛ ተሰብስቦ ወደ ባህር ይመለሳል። ከዳር ስታየው ግራና ቀኙ አረፋ እየነፋ ይሰበራል፣ እሱ ጋ ግን ፀጥ ያለ ጠቆር ያለ ውሃ ነው። ባህር የማያውቅ ሰው ልጁን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እዛ ነው፣ ፀጥ ስላለ። የኛ ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው እኮ ይሄንኑ ነው፣ ትምህርቱን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአያቴ አፍ ነው። ከገባህበት ደሞ ወደ ዳር ቀጥ ብለህ አትታገለው፣ ጉልበት ይጨርሳል፣ ተንሳፈፍ፣ እጅ አንሳ፣ ከቻልክ ከዳሩ ጎን ለጎን ዋኝና ከመስመሩ ውጣ።

ሌላም ያላወቅኩት ነገር፣ የሚሰጥም ሰው አይጮህም። ፊልም ላይ እንደምናየው እጅ ማወዛወዝ የለም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ፣ አፉ ውሃው ልክ ላይ፣ በእጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው ቃል ከየት ያመጣል። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። አጠገቡ ያለ ሰው ሲጫወት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ስራው ማየት ነው። አራት አምስት ሰአት ፊትህን ለውሃው ሰጥተህ መቆም፣ ሰው ሲያናግርህ እንኳን ዞረህ አትመልስም፣ ውሃውን እያየህ ነው የምትመልሰው። መጀመሪያ ነውር መስሎ ታየኝ፣ ሰው እያናገረኝ ፊቴን ላዞርበት?

አንድ የታህሳስ እሁድ፣ ሙቀቱ ልብ ያጠፋል፣ ከባንዲራው ውጪ ራቅ ብሎ አንድ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ አየሁ፣ ጠጋ ስል የቡና ሽታ መጣልኝ። ጀበና ነው! ሁለት ልጆች እዛ ጠቆር ያለው ውሃ ጋ እስከ ወገባቸው ገብተዋል። ኮፍያዬን እንዳጠለቅኩ «እትዬ፣ ልጆቹን ቶሎ ወደዚህ ይጥሯቸው፣ ውሃው ይወስዳል» አልኳቸው። ሴትየዋ ስኒውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ፣ «የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?» አሉ፣ እኔ ልጆቹ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነኝ፣ አባትየው ሮጠው አወጧቸው። ከዛ ምንጣፉን ቡናውን ሁሉንም ባንዲራው መሃል አዛወርን። ፓትሮሌ ሲያልቅ ቡናዬ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን መዝገቡ ላይ የተጻፈው፦ ከውሃ የወጣ ሰው 0። ካፒቴኑ ዜሮውን ሲያይ ፊቱ በራ። እኔ ዜሮ ከሆነ ምን ሰራን ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ዜሮው የኔም ሆነ። በ6 ሲዝን ውስጥ ራሴ ዋኝቼ ያወጣሁት ሰው 4 ብቻ ነው። እንዳይገቡ ያናገርኳቸውን ቆጥሬ አልጨርስም።

እሁድ ጠዋት ኒፐርስ የሚባሉት ህፃናት አሉ፣ ከ5 አመት ጀምሮ፣ ሮዝ ካናቴራ ለብሰው አሸዋው ላይ እንደ ጫጩት ይፈሳሉ፣ ባህር ማንበብ የሚማሩት ፊደል በሚቆጥሩበት እድሜ ነው። ሚያዝያ ውስጥ፣ አንዛክ ዴይ በሚሉት የጦር መታሰቢያ ቀናቸው አካባቢ፣ ባንዲራው ይወርዳል፣ ክረምታቸው ይገባል፣ ጀልባ ይጠገናል፣ ቋሊማ ጠብሶ ለክለቡ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ስብሰባ። ይሄው ነው፣ ከዛ እንደገና መስከረም።

ጥር 11፣ 2012 ስራ ላይ ነበርኩ። ዩኔስኮ ጥምቀትን ከመዘገበው ገና ወር ከምናምኑ ነው፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ከጎንደር ቪዲዮ እየጠበቅኩ ስልኬን ስከፍት ፋሲል መዋኛው፣ ጥምቀት የሚከበርበት ገንዳ ጋ፣ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው መሞቱን አየሁ። ቤት ደውዬ ሁሉም ደህና እስኪሉኝ ድረስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። ያን ማታ ነው የወሰንኩት ማለት ይቻላል። እዚህ የሰው አገር ባህር የምጠብቀው እኔ፣ አገሬ ውሃ ላይ ማን ነው የቆመው?

ከተመለስኩ ሁለት ጥምቀት አለፈ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ካላንደሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እነሱ ባንዲራ ጠቅልለው ቤት ሲገቡ የኛ ውሃ መነሳት ይጀምራል፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ አንገረብም ቀሃም መገጭም ሞልተው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ሁሉ ወንዝ ዳር። ከዛ ደሞ በበጋው መሃል አንድ ቀን ጥምቀት አለ።

ጥምቀት ላይ የማይጎድለን ነገር በጎ ፈቃደኛ ነው። ለታቦቱ መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ እየሮጡ እየጠቀለሉ ፊት የሚያነጥፉት፣ ሕዝቡን በገመድ የሚይዙት፣ ውሃ የሚያድሉት ልጆች፣ ማንም አይከፍላቸውም፣ እንቅልፍ አያዩም። የሲድኒ ጓደኞቼ ቢያዩዋቸው ይቀኑ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፣ ፀበሉ ከተባረከ በኋላ ገንዳው ውስጥ ማን እንዳለ የሚያይ ሰው። ገንዳው አመቱን ሙሉ ባዶ ነው፣ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ውሃ የሚገባለት፣ ስለዚህ ልጁ ውሃውን አያውቀውም። ሌሊቱን ሲበርድ ያደረ ውሃ ነው፣ ድንገት ስትገባበት ትንፋሽህን ነጥቆ ይወስደዋል፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት ክፉዋ። ጎረምሶቹ ከግንቡም ከዛፉም አንዱ ባንዱ ላይ ይዘላሉ። ግማሹ ዋና አይችልም። ካሜራው፣ ዝማሬው፣ እልልታው፣ ሁሉም ሌላ ቦታ ነው የሚያየው።

መጀመሪያ አመት 5 ሆነን ነው የጀመርነው፣ ሁለቱ ነርስ ናቸው፣ አሁን 14 ደርሰናል። ለፈቃድ ስንዞር አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ ነበርና አንድ አዛውንት ካህን ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ቅዳሴው ሲካሄድ ሕዝቡ ሁሉ ሲጸልይ እኛ አይናችንን ውሃው ላይ ተክለን፣ ሳንሰግድ ብንቆም ድፍረት አይሆንብንም?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታቦቱ የት ነው ያደረው ልጄ?» አሉኝ። «ከውሃው መሃል፣ ሕንፃው ውስጥ።» «እንግዲያ ውሃውን ያየ ወዴት ዞረ?» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ያን ጥምቀት ከንጋት ጀምሮ ቆምን፣ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ያያል ሌላው ገመድ ይይዛል፣ በየሃያ ደቂቃው እንቀያየራለን፣ አይን ይደክማላ። ሁለት ልጆችን ገመድ ወርውረን ጎትተናል፣ አንዱ አውጥተነው ትንፋሹ ሲመለስ ሳቀና ተመልሶ ሊዘል ሲል ታላቅ ወንድሙ ያዘው።

ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነው። 20 ሊትሩ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ፣ ሰው ጥሩ አድርጎ ያንሳፍፋል። የሲድኒው መንሳፈፊያ ውድ ነው፣ ጀሪካን ግን የሌለው ቤት የለም። ትንሽ ውሃ፣ አንድ ሁለት ጣት ያህል፣ ከውስጡ ብትተዉበት ንፋስ ሳይመልሰው ይወረወራል። ጎበዝ ዋናተኛ ካልሆናችሁ አትግቡ፣ እባካችሁ፣ አንዱ ሲሰጥም ሁለተኛው የሚጨመረው ዘሎ ሲገባ ነው። ዱላ ዘርጉ፣ ጋቢ ዘርጉ፣ በደረታችሁ ተኝታችሁ ዘርጉ፣ ወይ ወርውሩ።

ከወጣ በኋላ ደግሞ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆድ መጫን እናቁም። ውሃው ይውጣ ብለን ነው፣ በደግነት ነው፣ ግን ጊዜ ይበላል፣ የወጣውም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ ትንፋሽ ስጡት፣ የሰመጠ ሰው የጎደለው አየር ነው፣ ከዛ ደረቱ መሃል ላይ 30 ጊዜ ጠንክራችሁ ተጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፣ ከዛ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ሰው እስኪደርስ አታቁሙ።

የአለም ጤና ድርጅት በ2021 እኤአ ብቻ 300,000 ገደማ ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፣ ከአስሩ ዘጠኙ እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። የተባበሩት መንግስታት ጁላይ 25ን የመስጠም መከላከያ ቀን ብሎታል፣ በኛ ሐምሌ 18 ማለት ነው፣ ልክ ደራሹ ሰአት።

ያለፈው ሐምሌ 18 ወንዝ ዳር ወርደን ለልብስ አጣቢዎችና ለልጆቹ ውርወራ አስተማርን። ውሃው ቀለሙን ሲቀይር፣ ጭራሮ ሲያመጣ፣ ልብሱን ጥላችሁ ሽቅብ ውጡ፣ ሰማዩን አትመኑ አልናቸው። ልጆቹ በአንዴ ነው የለመዱት፣ ውድድር አደረጉት።

አክስቴ መጣች። አልነገርኳትም ነበር፣ እናቴ ናት የነገረቻት። ከዛ ቀን ወዲህ ወንዝ ወርዳ አታውቅም፣ ልብሷን ቤት ነው የምታጥበው። ከላይ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ ስታየን ቆየች፣ እኔም እያየኋት ማስተማሬን ቀጠልኩ፣ ምን ልበላት። ልጆቹ ሊበተኑ ሲሉ ወረደችና «እስቲ አምጪው» አለችኝ። የመጀመሪያው አጠገቧ ወደቀ። ሁለተኛውም። ሶስተኛውን ከታች ወደ ላይ አወዛውዛ ለቀቀችው፣ ከመሃል አለፈ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ገመዱን እየጎተተች «ባዶው ነው?» አለችኝ።

«ባዶው ነው አክስቴ፣ ክዳኑ ተዘግቶ።»

«ያኔ ሶስት ይዘን ነበር» አለች።

አዎ አልኳት። ጀሪካኑን ከውሃው አወጣችና ገመዱን በክንዷ ላይ፣ ልክ እንደ ድር፣ ቀስ ብላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።